የእጥበት ውሃ በአርኦ ሜምብሬን አጠንክሬ መድኃኒት ልለካ ብዬ 44 ፐርሰንቱ ጠፋብኝ፣ የት ገባ?

ሚጢጢ_ፒክ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ነው ይቅርታ፣ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ስለሆነ ሁሉንም ዘርግፌ ልጻፈው።

የምሰራው መድኃኒት ፋብሪካ ኪውሲ (ጥራት መቆጣጠሪያ) ላብ ነው፣ የቱ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ዋናው ንጥረ ነገር ከውጭ ይመጣል፣ እኛ ቀላቅለን ታብሌት አርገን እናወጣለን። ከአንዱ መድኃኒት ወደ ሌላው ስንቀይር ማደባለቂያው ታንክ ይታጠባል፣ ከመጨረሻው እጥበት ውሃ ተቀድቶ ኤችፒኤልሲ (ኬሚካሎችን ለያይቶ ሚለካ ማሽን) ላይ ይታያል፣ ሪፖርቱ ላይ ደሞ ሁሌ ሚጻፈው ያው "ኤንዲ" ነው፣ አልተገኘም። እኔን ይቺ ኤንዲ ታናድደኛለች። የኛ ማሽን በዩቪ ብርሃን ነው ሚያየው፣ ከ50 ማይክሮግራም በሊትር በታች ከሆነ ምንም አይታየውም፣ ስለዚህ ኤንዲ ማለት የለም ማለት ሳይሆን አይናችን አልደረሰበትም ማለት ነው። ኤልሲ ኤምኤስ ሚባለው፣ በጣም ትንሹን ሚያየው ማሽን፣ የለንም፣ ይገዛል ብዬም ተስፋ አላረግም።

እና ምን አሰብኩ፣ አይኑን ማሳል ካልቻልኩ ውሃውን ላጠንክረው። የቤት ውሃ ማጣሪያ አርኦ ሜምብሬን (ውሃውን አሳልፎ ሌላውን ሚያስቀር ስስ ማጣሪያ) ያቺ 75 ጋሎን ምትባለዋን ከነቤቷ ከነፓምፗ መርካቶ ገዛሁ (በራሴ ብር!)፣ 20 ሊትር ጀሪካን ላይ ገጠምኳት፣ ሪጀክቱ፣ ያላለፈው ውሃ ማለት ነው፣ ተመልሶ ጀሪካኑ ውስጥ ይገባል፣ አልፎ ሚወጣው ፐርሚየት ደሞ ባልዲ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ጀሪካኑ ውስጥ 1 ሊትር እስኪቀር ማሽከርከር ነው። 20 እጥፍ ጠነከረ ማለት 50 የነበረው ድንበሬ 2.5 ሆነ ማለት ነው።

እውነተኛ ናሙና ከመንካቴ በፊት በንጹህ ውሃ ልሞክር ብዬ ካርባማዜፒንና ዳይክሎፌናክ ሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች እያንዳንዳቸውን 100 ማይክሮግራም በሊትር ጨመርኩ፣ በጠቅላላው 2 ሚሊግራም 2 ሚሊግራም ማለት ነው። ናሙና እንዳይበላሽ ብዬ በፎስፎሪክ አሲድ ፒኤቹን 3 አርጌዋለሁ። ውጤቱ፦

ካርባማዜፒን፣ የቀረው 1 ሊትር ውስጥ 1.86 ሚሊግራም፣ ፐርሚየቱ ውስጥ 0.08 ገደማ። ተደምሮ 97 ፐርሰንት። ብቻዬን እልል አልኩ።

ዳይክሎፌናክ፣ 1 ሊትሩ ውስጥ 1.12 ሚሊግራም። ፐርሚየቱ ውስጥ ምንም። ፐርሚየቱን በኤስፒኢ ካርትሪጅ (መድኃኒት ሚይዝ ዱቄት ያለባት ትንሽ ቱቦ) 500 እጥፍ አጠንክሬ ነው ያየሁት፣ የለም። 0.88 ሚሊግራም በነነ!

ዳይክሎፌናክኮ ከካርባማዜፒን ይተልቃል፣ በሞለኪውል ክብደት 296 እና 236 ናቸው። ትንሹን የያዘ ማጣሪያ ትልቁን እንዴት ይጥላል? ደሞ አልጣለውም፣ ፐርሚየቱ ውስጥ የለማ። ሁለቴ ደገምኩት፣ ያው ነው።

ውሃ_ነጋዴ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡42

ሜምብሬኑ ኦሪጅናል ነው? ገበያው በፎርጅድ ተሞልቷል። ቲዲኤስ ሜትር (የተሟሟ ጨው መለኪያ) ክተትበት። ሌላው ክሎሪን ነው፣ የቧንቧ ውሃ ካሳለፍክበት ክሎሪን ያቺን ስስ ሽፋን ይበላታል፣ ለዛ ነው ቤት ውስጥ ሲገጠም ከፊቱ ካርቦን ሚደረገው። አዲስ ከሆነ ደሞ መጀመሪያ አንድ ሰዓት ውሃ አሳልፈህ ድፋ፣ ማቆያ ኬሚካል አለው።

ሚጢጢ_ፒክ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

አንቺ ነኝ 🙂 ቲዲኤስ አይቻለሁ፣ በቧንቧ ውሃ ስሞክረው መግቢያው 140 ሲል ፐርሚየቱ 6 ይላል፣ ደህና ይመስለኛል። በካርቦን ነው ያሳለፍኩት፣ አንድ ሰዓትም ደፍቻለሁ። ሙከራው ራሱ በዲስትልድ ነው።

ካርትሪጅ_ይሻላል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

ይቅርታ አርጊልኝና ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ? ኤስፒኢ ካርትሪጅ ካለሽ ግማሽ ሊትር አሳልፈሽ በ1 ሚሊ ሊትር ሜታኖል አውጪው፣ አለቀ፣ 500 እጥፍ። ሜምብሬን ለውሃ ማጣሪያ ነው እንጂ ለላብ አደለም። የተገኘውን ነገር ሁሉ ሳይንስ ለማድረግ መሞከር የኛ ሰው ችግር ነው።

ሚጢጢ_ፒክ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡31

ካርትሪጅማ ያሉኝ 11 ናቸው፣ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ነው። እሺ ይኑረኝ እንበል፣ የታንኩ እጥበት 200 ሊትር ነው፣ እኔ ከሱ ግማሽ ሊትር ቀድቼ ሁሉን ይወክላል ልል ነው? 20 ሊትር ላሳልፍ ብል ደሞ ካርትሪጅ በደቂቃ 10 ሚሊ ሊትር ነው ሚያስኬደው፣ 33 ሰዓት ይፈጃል፣ ያውም በመሃል ካልተደፈነ። ሜምብሬኗ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው የወሰደባት። የተገኘውን ነገር ላልከው ደሞ፣ አዎ የተገኘውን ነው፣ ሌላ የለኝም።

ራይን_ዳር
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡05

ትላንት ማታ አይቼው ተኛሁ፣ አሁን ባቡር ላይ ሆኜ ልመልስ። ጀርመን ነው ያለሁት፣ ሜምብሬን ስራዬ ነው፣ መድኃኒት በሚቀመምበት በኩል፣ ስለዚህ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ ቲዲኤሱ ስለ ጨው ነው ሚነግርሽ። ሜምብሬኑ እንዳልተቀደደ ያሳያል፣ ስለ መድኃኒቱ ግን ዝም ነው ሚለው፣ ቻርጅ የሌለው ሞለኪውል ኤሌክትሪክ አያስተላልፍማ።

ሁለተኛ፣ ሰው ሁሉ ሪጀክሽን (ሜምብሬኑ ሚያስቀረው ድርሻ) ይላል፣ 90 ፐርሰንት ይይዛል ሲባል በጣም ጥሩ ይመስላል። ግን ያ በቅጽበት ሚይዘው ነው፣ አንቺ ደሞ ያንኑ ውሃ እያዞርሽ እያጠነከርሽ ነው፣ ሲጠነክር ደሞ ሚያመልጠውም አብሮ ይጠነክራል። 20 እጥፍ ስታጠነክሪ 90 ሚይዝ ሜምብሬን መጨረሻ ላይ እጅሽ ላይ ሚተወው 74 ፐርሰንቱን ነው። 95 ከሆነ 86። 99 ከሆነ 97። ካርባማዜፒንሽ ከዚህ ጋር ይሄዳል፣ ሂሳቡን ስመልሰው 98 ተኩል አካባቢ እየያዘ ነው።

ዳይክሎፌናክ ግን የማምለጥ ጉዳይ አደለም፣ ራስሽ እንዳልሽው ፐርሚየቱ ውስጥ የለም። ያልወጣ ነገር ውስጥ ነው። ሜምብሬኑ ላይ ተጣብቋል ባይ ነኝ፣ ያጣበቅሽው ደሞ አንቺ ነሽ፣ በዛ አሲድ። ዳይክሎፌናክ አሲድ ነው፣ ፒኬኤው (ግማሹ ቻርጅ ሚይዝበት ፒኤች) 4 አካባቢ ነው። ፒኤች 7 ላይ ኔጌቲቭ ሆኖ ነው ሚገኘው፣ ያንቺ ፖሊአማይድ ሜምብሬንም እዛ ፒኤች ላይ ኔጌቲቭ ነው፣ ስለዚህ ይገፋፋሉ፣ አይቀራረቡም። ፒኤች 3 ስታረጊው ዳይክሎፌናኩ ቻርጁን ያጣል፣ ቻርጅ የሌለው ዳይክሎፌናክ ደሞ ውሃ ሚጠላ ቅባት ወዳድ ነገር ነው፣ ፕላስቲክ ባየበት ይለጠፋል። በዛ ላይ የአሲዱ መልክ ውሃ ውስጥ ሚሟሟው በሊትር ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ነው፣ አንቺ መጨረሻ ላይ 2 ሚሊግራም ልትደርሺ ነበር፣ ሜምብሬኑ ገጽ ላይ ደሞ ከመሃሉ ውሃ የበለጠ ነው ሚጠራቀመው፣ ስለዚህ ጭራሽ ወደ ጠጣርነት ሊሄድም ይችላል። ካርባማዜፒን እዚህ ክልል ውስጥ ፒኤች ቢቀያየር ግድ የለውም፣ ለዛ ነው ያልጠፋብሽ።

ሞክሪ፦ አሲዱን ተይው፣ 7 ተኩል ላይ አስኪጂው። የጠፋውን ለማግኘት ደሞ ሜምብሬኑን ፒኤች 10 ተኩል ገደማ በሆነ ቀጭን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ግማሽ ሰዓት አዙሪበት፣ ያን ውሃ ለኪው።

ካርትሪጅ_ይሻላል
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡20

ኤስፒኢ ላይኮ አሲድ ማድረግ የተለመደ ነው ለዳይክሎፌናክ፣ አለዚያ ካርትሪጁ በደንብ ላይዘው ይችላል።

ራይን_ዳር
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡33

ትክክል። ካርትሪጅ ላይ እንዲለጠፍ ነው ምትፈልገው፣ ሜምብሬን ላይ ደሞ እንዳይለጠፍ። ያው ባህሪ ነው፣ እዛ ወዳጅ እዚህ ጠላት። እሷም ከኤስፒኢ ፕሮቶኮል ነው አሲዱን ያመጣችው መሰለኝ።

ሚጢጢ_ፒክ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡40

ወይኔ!! አዎ ከዛ ነው ያመጣሁት 🤦🏾‍♀️

እማማ_ቢዩሬት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡15

ልጆች፣ ሜምብሬን የሚባለውን አላውቅበትም፣ ላብ ግን ሰላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። ሚጢጢዬ፣ አሲዱ ጥፋተኛ ነው ተባለና መዝገቡ ተዘጋ? ውሃው ከጀሪካን ተነስቶ ማሽኑ ውስጥ እስኪገባ የነካውን ነገር ሁሉ ቁጠሪልኝ እስቲ። ጀሪካኑ ምንድነው? ቱቦው ምንድነው? ኤችፒኤልሲ ውስጥ ከመክተትሽ በፊት በምን አጣራሽው? የመጀመሪያውን ጠብታ ደፋሽ ወይስ ሰበሰብሽ? ስታንዳርድሽንስ፣ መጠኑ የታወቀውን ማነጻጸሪያ፣ በዛው ማጣሪያ አሳልፈሽዋል ወይስ ዝም ብለሽ ከተትሽው?

ሚጢጢ_ፒክ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡02

እማማ እርስዎ ሲጠይቁ ፈተና ላይ የተቀመጥኩ ነው ሚመስለኝ 😅 ጀሪካኑ ያው የዘይት ጀሪካን ፕላስቲክ ነው። ቱቦው ከማጣሪያው ጋር የመጣው ነጩ ጠንካራ ቱቦ ነው፣ ከጀሪካን እስከ ፓምፑ ያለው ግን አልደርስ ስላለኝ ላብ ውስጥ ያገኘሁትን ለስላሳ ሲሊኮን 40 ሳንቲሜትር ቀጠልኩበት። ያጣራሁት በናይለን 0.45 ሲሪንጅ ፊልተር ነው። ስታንዳርዱን... አላሳለፍኩትም።

እማማ_ቢዩሬት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡10

በይ እንግዲህ። ሌባው አንድ ብቻ ነው ያለሽ ማነው?

ራይን_ዳር
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡48

እማማ እጅ ነስቻለሁ። ሲሊኮን ቅባት ወዳድ ሞለኪውልን እንደ ስፖንጅ ነው ሚጠጣው፣ ውስጡ ድረስ ይገባል። ናይለንም አሲድ መድኃኒቶችን ይይዛል። እኔ ሜምብሬኑን ብቻ አይቼ ቱቦውን ረሳሁት፣ የሙያ በሽታ ነው።

ሃይደራባድ_ተመላሽ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ክሩን ሳነብ ትዝታ ቀሰቀሰብኝ፣ ፒኤችዲዬን ህንድ ነው የሰራሁት። ሃይደራባድ አጠገብ ፓታንቸሩ ሚባል ቦታ አለ፣ ወደ 90 ሚጠጉ መድኃኒት አምራቾች ፍሳሻቸውን ወደ አንድ ማጣሪያ ጣቢያ ይልኩ ነበር፣ በ2007 የስዊድን ተመራማሪዎች ከዛ ጣቢያ ሚወጣውን "የተጣራ" ውሃ ለክተው ሲፕሮፍሎክሳሲን በሊትር እስከ 31 ሚሊግራም አገኙ። ማይክሮ አላልኩም፣ ሚሊ። መድኃኒቱን የዋጠ ሰው ደም ውስጥ ከሚገኘው በላይ ነው። ለሱ ሜምብሬን ምናምን አያስፈልግም ያንቺ ዩቪ ራሱ ጮሆ ያየው ነበር። እና እህቴ የመጨረሻውን እጥበት ብቻ አትዪ፣ የመጀመሪያው እጥበት ነው ቱቦ ውስጥ ሚደፋው፣ መድኃኒቱ ያለው እዛ ነው።

ደሞ ዳይክሎፌናክ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በህንድና በፓኪስታን ጥንብ አንሳዎቹን የጨረሰው እሱ ነው፣ ለከብት የተሰጠው ሬሳው ውስጥ ቀርቶ ኩላሊታቸውን እየገደለ፣ በ2004 ነው ምክንያቱ የታወቀው፣ በ2006 ለእንስሳት መስጠት ተከለከለ። ያኔ ከ95 ፐርሰንት በላይ ያለቁ ዝርያዎች ነበሩ።

ሌላ አንድ ነገር። የፍሳሽ ቱቦውን መከታተል ከፈለግሽ በጀሪካን መቅዳት አያዋጣም፣ ጠዋት ሌላ ነው ማታ ሌላ። እኛ ፖሲስ ሚባል ነገር ነበር ምንጠቀመው፣ በሁለት ስስ የፖሊኢተርሰልፎን ሜምብሬን መሃል መድኃኒት ሚይዝ ዱቄት ይታሸጋል፣ ውሃው ውስጥ ሁለት ሶስት ሳምንት ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ ይሰበስባል፣ ከዛ ዱቄቱን በሜታኖል ማጠብ ነው። የሳምንታቱን አማካይ ነው ሚሰጥሽ። ፓምፕ የለ መብራት የለ። ችግሩ ካሊብሬሽኑ ነው፣ ውሃው ፈጠን ዘገም ባለ ቁጥር ሚሰበስበው መጠን ይለያያል።

ሳተናው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡12

እኔ ምንም አልገባኝም ግን አንብቤ ጨረስኩት 😂 ቤት ያለው አርኦ መድኃኒት ያወጣል ማለት ነው?

ውሃ_ነጋዴ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

አብዛኛውን ያወጣል ጌታዬ፣ ካስፈለገ ደሞ በውስጥ መስመር አናግረኝ 😉

ካሊ_ፀሐይ
ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11፡40

ካሊፎርኒያ ውሃ ሪሳይክል ሚያደርግ ተቋም ውስጥ ኦፕሬተር ነኝ። "አርኦ ሁሉን ይይዛል" ሚለውን ነገር ተጠንቀቁ። ኦሬንጅ ካውንቲ ከ2008 ጀምሮ የተጣራ ፍሳሽ በማይክሮፊልትሬሽን፣ ከዛ በአርኦ፣ ከዛ ደሞ በዩቪና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አሳልፎ ወደ ከርሰ ምድር ይመልሳል። አርኦ ካለ ዩቪው ለምን? ካላችሁ አንዱ ምክንያት ኤንዲኤምኤ ሚባል ጎጂ ናይትሮሳሚን ነው። 74 ብቻ ነው ሚመዝነው፣ ቻርጅ የለውም፣ እንደ ውሃ ነው ሚያልፈው፣ አርኦው ከግማሽ ያልራቀውን ቢይዝ ነው። ስለዚህ ይቺ ጀሪካን ለዳይክሎፌናክ ትሰራለች ለትንንሾቹ ግን አትሰራም። 20 እጥፍ ብታዞሪው ግማሹን ሚይዝ ሜምብሬን እጅሽ ላይ ሚተወው ሩብ እንኳን አይሞላም።

ራይን_ዳር
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ኤንዲኤምኤ ስትል ቁስሌን ነካህው 😅 በ2018 የደም ግፊቱ መድኃኒት ቫልሳርታን ውስጥ ተገኝቶ አውሮፓና አሜሪካ ከገበያ የተሰበሰበ ጊዜ ሙያው ሁሉ ነው የተናወጠው። የተቀመጠው ገደብ በቀን 96 ናኖግራም ነው። ናኖ! ከዛ በፊት ለዘረመል ጎጂ ለሆኑ ቆሻሻዎች በአጠቃላይ የነበረው በቀን 1.5 ማይክሮግራም ነው፣ ናይትሮሳሚኖቹ ግን ለብቻቸው ነው ሚታዩት።

እኛ ጋ ሜምብሬኑ ሚሰራው ከሚጢጢ በተገላቢጦሽ ነው። መድኃኒቱ ሶልቨንት (ማሟሚያ ፈሳሽ) ውስጥ ነው ያለው፣ ያንቺ ሜምብሬን ዲኤምኤፍ ሚባለው ሶልቨንት ውስጥ ቢገባ እንደ ስኳር ይሟሟል፣ ስለዚህ ክሮስሊንክ የተደረገ (ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ የታሰሩ) ፖሊኢማይድ ነው ምንጠቀመው። መድኃኒቱ ትልቅ ስለሆነ ይቀራል፣ ትንሹ ቆሻሻ ከሶልቨንቱ ጋር ያልፋል፣ ባለፈው ልክ ንጹህ ሶልቨንት ትጨምሪበታለሽ። ልክ እንደ ሽሮ ቅል... አይ ምሳሌው አልመጣልኝም፣ ሩዝ ስታጥቢ ውሃውን ደጋግመሽ እንደምትቀይሪው ማለት ነው። አምስት ጊዜ የታንኩን ያህል ሶልቨንት ብታሳልፊ፣ ሜምብሬኑ ቆሻሻውን 10 ፐርሰንት ብቻ ሚይዘው ከሆነ 1 ፐርሰንቱ ነው ሚተርፈው። ግን 99 ሚይዘው መድኃኒትም 5 ፐርሰንቱ አብሮ ይሄዳል፣ ያ 5 ፐርሰንት ደሞ ውድ ነው፣ አለቆች ሚጮሁት እዛ ጋ ነው። ስለዚህ ከኋላው ሁለተኛ ሜምብሬን ይገጠማል፣ ያመለጠውን ሚለቅም።

ለመከታተል ደሞ ሪጀክቱ ሚዞርበት መስመር ላይ ፍሎው ሴል (ፈሳሹ እያለፈ ሚታይበት መስኮት) ያለው ዩቪ ይገጠማል፣ መስመሩን እያየሽ ማቆሚያሽን ትወስኛለሽ። ቲኦሲ (የኦርጋኒክ ካርቦን መለኪያ) ሚገጥሙም አሉ፣ ግን ቲኦሲ ካርቦን ያለበትን ሁሉ ነው ሚቆጥረው፣ ሳሙናውንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ።

ሚጢጢ_ፒክ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡50

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ሜምብሬኗን፣ ቱቦውን፣ ፊልተሩን አንድ በአንድ ልመረምር ነው። የድሮው ናሙና ፍሪጅ ውስጥ ስላለ እድለኛ ነኝ። ትንሽ ጊዜ ስጡኝ፣ ላቡ ባዶ ሚሆነው ቅዳሜ ብቻ ነው።

ካርትሪጅ_ይሻላል
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡05

ብላንክም (መድኃኒት ያልተጨመረበት ውሃ) አስኪጂ። ሜምብሬን ደጋግመሽ ከተጠቀምሽ የትላንቱ መድኃኒት ዛሬ ይለቃል። ካርትሪጅ አንዴ ተጠቅመሽ ትጥይዋለሽ፣ እኔ ምወደው ለዛ ነው።

ራይን_ዳር
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡11

ይሄኛው ትልቅ ነጥብ ነው፣ እስማማለሁ።

ሚጢጢ_ፒክ
ቅዳሜ (ከ16 ቀን በኋላ)፣ ከምሽቱ 12፡30

መጣሁ! ሌቦቹን ይዣለሁ።

ሜምብሬኗን በሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ግማሽ ሰዓት አዞርኩባት፣ 0.48 ሚሊግራም ዳይክሎፌናክ ተፋች። ራይን_ዳር ትልቁ ሌባ ያንተ ነው። ሲሊኮኑን ቱቦ በመቀስ እንደ ጎመን ከትፌ ሜታኖል ውስጥ አሳደርኩት፣ 0.19 ሚሊግራም። 40 ሳንቲሜትር ቱቦ! ፍሪጅ የነበረውን ናሙና ደሞ ግማሹን በናይለን ግማሹን ሳላጣራ በሴንትሪፉጅ ብቻ አየሁት፣ በናይለኑ 1.12፣ በሴንትሪፉጁ 1.24። ማለት 0.12 ሚሊግራም የጠፋው ጭራሽ ሜምብሬኗ ጋ ሳይሆን በኔ እጅ ነው፣ የመጨረሻዋ ሲሪንጅ ላይ። ከ0.88 ውስጥ 0.79 ተገኘ፣ 0.09 አሁንም አልታወቀም፣ ጀሪካኑን እጠረጥራለሁ። እማማ እጅዎን እስማለሁ።

አዲሱ አሰራር፦ ፒኤች 7.5፣ ሲሊኮን የለም ጀሪካኑን ከፍ አርጌ በነጩ ቱቦ አደረስኩት፣ ናይለን የለም። ዳይክሎፌናክ 90 ፐርሰንት፣ ካርባማዜፒን 93።

ሁለት ነገር ግን ማንም ያልነገረኝ። አንደኛ ውሃው እያነሰ ሲሄድ ፓምፑ ያንኑ ትንሽ ውሃ እያዞረ አሞቀው፣ 21 ዲግሪ የጀመረው 38 ገባ። ሁለተኛ በእውነተኛው የእጥበት ውሃ ስሞክረው ሳሙናውም አብሮ 20 እጥፍ ጠነከረ፣ መጨረሻ 3 ሊትር ሲቀረው ጀሪካኑ እንደተነቀነቀ ቢራ በአፉ ገነፈለ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ በጨርቅ ሳፍን ጥበቃው በመስኮት አይቶኝ ሄደ። ክሮማቶግራሙ (የኤችፒኤልሲው ግራፍ) ላይም ሳሙናው ጉብታ ሰርቷል፣ ደግነቱ ዳይክሎፌናክ ከሱ በኋላ ነው ሚወጣው።

ራይን_ዳር
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡15

የሙቀቱ ነገር ጥፋቱ የኔ ነው፣ መናገር ነበረብኝ። ሲሞቅ ሜምብሬኑ ብዙ ያሳልፋል ግን ያነሰ ይይዛል። ሪጀክቱ ሚመለስበትን ቱቦ ጠቅልለሽ በረዶ ያለበት ባልዲ ውስጥ አሳልፊው። ለአረፋው ደሞ የሪጀክቱን ጫፍ ውሃው ውስጥ አጥልቂው፣ ከላይ እንዳይፈስ።

ሃይደራባድ_ተመላሽ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡40

ብራቮ እህቴ! ሲፕሮፍሎክሳሲን ልሞክር ካልሽ ግን ይሄ ሁሉ እንደገና ይጀመራል፣ እሱ በአንድ በኩል ፖዘቲቭ በሌላ በኩል ኔጌቲቭ ነው፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ሲያገኝ ደሞ ይያያዛል፣ አንቺ ደሞ እነሱንም 20 እጥፍ ነው ምታጠነክሪው። ብርሃንም ይበላዋል፣ ጀሪካኑን ሸፍኚ።

ካርትሪጅ_ይሻላል
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡00

ብላንኩስ?

ሚጢጢ_ፒክ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡25

ልመጣበት ነበር። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አጥቤ፣ በውሃ አለቅልቄ፣ 20 ሊትር ዲስትልድ ብቻውን አስኬድኩ፣ ምንም ያልተጨመረበት። 1 ሊትሩ ውስጥ 0.03 ሚሊግራም ዳይክሎፌናክ ወጣ። እውነትህን ነው፣ ትዝታ አላት። አሁን ከእያንዳንዱ ናሙና በፊት ብላንክ ማስኬድ ግዴታ አርጌዋለሁ፣ ለዚህ ነው ቅዳሜዬ ሁሉ ያለቀው።

እና እውነተኛው ናሙና፣ ሶስተኛው እጥበት፣ 1 ሊትሩ ውስጥ 0.21። ብላንኩ ሲቀነስ 0.18። በ20 ተካፍሎ፣ ለ90 ፐርሰንቱ ተስተካክሎ፣ የመጀመሪያው ውሃ ውስጥ 10 ማይክሮግራም በሊትር። በቀጥታ ስከተው ያው ኤንዲ ነበር።

አርብ ዕለት ለኃላፊዬ አሳየሁት። ምን አለኝ መሰላችሁ፣ "ለምን ኤንዲ የነበረውን ነገር ቁጥር ታረጊብናለሽ? ኦዲተር ቢያየው ምን ልንል ነው?"

ካሊ_ፀሐይ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡51

😂😂 አለቃ የትም አገር አንድ ነው

ካርትሪጅ_ይሻላል
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡04

አይ እሱ ተሳስቷል። ታንኩ 200 ሊትር ነው አይደል ያልሽው? 10 ማይክሮግራም በ200 ሊትር 2 ሚሊግራም ነው። ቀጣዩ ባች ስንት ኪሎ ነው? 100 እንበል፣ በድሮዋ በ10 ፒፒኤሟ (በኪሎ 10 ሚሊግራም) ህግ ሚፈቀደው 1 ግራም ነው። 500 እጥፍ በታች ነሽ። ኤንዲ ስትዪው ግን ማሽንሽ ሚያየው 50 ስለሆነ ልትከራከሪ ምትችይው እስከ 10 ሚሊግራም ድረስ ብቻ ነው። ቁጥሩ ለሱ ነው ሚጠቅመው፣ እንደዛ አርገሽ በአንድ ገጽ ጽፈሽ አስገቢለት።

እና... የዛችን ጀሪካን አገጣጠም ፎቶ ብትለጥፊ አልጠላም።

ራይን_ዳር
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡10

በዶዝ ሚሰላውንም ገደብ ከጎኑ አስቀምጪ፣ 10 ፒፒኤም ብቻ ብትጽፊ ኦዲተሩ ይጠይቅሻል። ፎቶውን እኔም እፈልጋለሁ።

እማማ_ቢዩሬት
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡22

ሜምብሬኗንስ የት ነው ያስቀመጥሻት? እንዲሁ እርጥቧን ከተውሻት ትሸታለች።

ሚጢጢ_ፒክ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡30

1 ፐርሰንት ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ውስጥ ነክሬ ፍሪጅ አስገብቻታለሁ። የናሙናው ፍሪጅ ነው እማማ፣ የምሳ አደለም። ፎቶውን ሰኞ አነሳለሁ፣ ሂሳቡን ግን አሁን እየጻፍኩት ነው።